አባቴ ተሃድሶ የገባ ጊዜ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባዋል ወይ የሚለውን ብዙ አስቤበታለሁ። ሰው አልሞተበትም፤ ማንም አልታሰረበትም፤ ዋናው ነገር አንድ ሰው ቀኝ እጁን ግንባሩ ላይ ለማድረስ ከክረምት እስከ መኸር መሞከሩ ነው። ከመተማ መምጣቴን የሚሰሙ ሰዎች ስለ ኮንትሮባንድ፣ ስለ ሽፍታ ወይም ስለ ሙቀቱ እንድነግራቸው ይጠብቃሉ። ስለ ሙቀቱ ልነግራቸው እችላለሁ። ስለ ሌላው ግን ከእነሱ የተሻለ አላውቅም። በቅርብ ሆኜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያየሁት ነገር ይህ ብቻ ስለሆነ፣ በተቻለኝ መጠን ቅደም ተከተሉን ጠብቄ እጽፈዋለሁ። አንባቢ ቢሰለች ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አባቴ የትራክተር ሹፌር ነበር። የምንኖረው መተማ ዮሐንስ፣ ከሱዳን ጋር በሚያዋስነው ከተማ ሲሆን፣ እሱ የሚሠራው አንድ የጎንደር ባለሀብት ከከተማው ወጣ ብሎ በሚያርሰው የሰሊጥ እርሻ ላይ ነው። በ2009 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሊጀምር ሲል፣ ማረሻ ዲስኩን ከትራክተሩ ጋር ሲያያይዝ ቀኝ ጎኑ ከዳው። የቀን ሠራተኞቹ ምች ነው ብለው ዳማ ከሴ አሽተው ቀቡት። የእርሻው ወኪል ደግሞ ሙቀት ነው ብሎ አንድ ጀሪካን ውሃ አፈሰሰበት። አባቴ ረጥቦ፣ ዳማ ከሴ እየሸተተ፣ በፒክአፕ መጀመሪያ ገንዳ ውሃ፣ ከዚያ ጎንደር ደረሰ። ጎንደር ያለው ሐኪም ስትሮክ ነው አለን። የደም ግፊቱ ለብዙ ዓመት አብሮት እንደኖረ፣ ከእንግዲህም ዕድሜ ልክ መድኃኒት እየወሰደ አብሮት እንደሚኖር አስረዳን። አባቴ አፉ ጠመም ብሎ ነበር፤ እንደምንም ብሎ፣

«አብሮኝ ሲኖር አንድ ቀን እንኳ ሰላም አላለኝም» አለ።

ከሆስፒታል ሲወጣ እግሩ በምርኩዝ ይሄዳል፤ ቀኝ እጁ ግን ከጎኑ ተንጠልጥሎ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ በየሳምንቱ እየመጣ እንዲሠራ ነገረችው። እናቴ «ከመተማ?» አለች። ባለሙያዋ ትንሽ አሰበችና፣ ሩቅ አገር ላሉ፣ በሽታቸው ለቆየባቸው ሰዎች አዲስ የተጀመረ ነገር እንዳለ ነገረችን። በስልክ በኢንተርኔት የሚከፈት ድረ ገጽ ነው። ታማሚው የይለፍ ቃል ይሰጠዋል፤ ገብቶ የልምምድ ቪዲዮ ያያል፤ ራሱ ሲሠራ ተቀርጾ ይልካል፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ ከባለሙያዋና ከሌሎች ታማሚዎች ጋር ፊት ለፊት በስክሪን ይገናኛል። እናቴ ደስ አላት። ስሙን ስትጠይቅ ባለሙያዋ «የርቀት ተሃድሶ» አለቻት። እናቴ ደስታዋን ቀነስ አደረገች።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ትንሽ ማስረዳት ይኖርብኛል። ተሃድሶ ማለት መታደስ ማለት ነው፤ ቃሉ በራሱ ምንም ክፋት የለበትም። እኛ ሰፈር ግን ሌሎች ሁለት ሥራዎች ነበሩት። አንደኛው የመንግሥት ነው። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ብዙ ሰው ተይዞ ወደ ማሠልጠኛ ተወስዶ ነበር፤ የተወሰደ ሰው «ተሃድሶ ገባ» ይባላል። ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያን ነው። ኦርቶዶክስ መስሎ ገብቶ ሃይማኖቱን ከውስጥ ሊለውጥ ይፈልጋል ተብሎ የሚጠረጠር ሰውም «ተሃድሶ» ይባላል፤ ይህኛው ከመጀመሪያው ይብሳል፤ ምክንያቱም ከመጀመሪያው ሰው ተፈትቶ ይወጣል። ቃሉን በሦስተኛው ትርጉም የምናውቀው ሆስፒታሉና እኛ ብቻ ነበርን።

ነገሩን ያባባሰው የአባቴ ስልክ ነው። ከድንበሩ ማዶ፣ ከጋላባት ገበያ የተገዛ ትልቅ ስልክ ሆኖ፣ አባቴ የመረጠው የትራክተር ሞተር እየጮኸ እንኳ ስለሚሰማ ነው። ድረ ገጹ በተከፈተ ቁጥር የአንዲት ሴት ድምፅ በደስታ እንዲህ ይላል፦ «እንኳን ወደ ተሃድሶ ቤተሰብ በደህና መጡ! ዛሬም አብረን እንታደሳለን!» ይህን ማለፍ አይቻልም። ድምፁን ቀንሰን ብንከፍተው አባቴ የልምምዱን ትእዛዝ አይሰማም። አጥራችን የማሽላ አገዳ ነው። ስለዚህ በሐምሌ ወር መጨረሻ ላይ ሰፈሩ ሁሉ አባቴ ዛሬም እንደሚታደስ ያውቅ ነበር።

መጀመሪያ የመጣው የግራ ጎረቤታችን ነው። ይህ ሰው ያን ዓመት ተይዞ ሥልጠና ቆይቶ የተመለሰ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና አባቴን ከላይ እስከ ታች አየው።

«አንተንም ያዙህ?» አለው።

አባቴ በዚያን ጊዜ ቃላት ይቆጥብ ነበር። «እህ» አለ።

«በዚህ ሁኔታህ?»

«ሐኪሟ ናት ያስገባችኝ።»

ጎረቤታችን ራሱን ነቀነቀ። «አሁን ደግሞ በሐኪም ሁኗል በለኛ!» ብሎ ወደ በሩ ዞር ዞር አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ ወንድምዓለም፤ ብርድ ልብስ ያዝ። ጥያቄ ያለው ሲሉ እጅህን እንዳታነሳ። እኔ አንስቼ ነው የቆየሁት።»

«እጄማ አይነሳም» አለ አባቴ።

«እንደሱ በላቸው!»

ከቤት ሆኖ የሚሠራው መሆኑን ስነግረው፣ «ከቤት! እናንተስ ታድላችኋል» ብሎ ተነሥቶ ሄደ። ተቀይሞ ይሁን ተደስቶ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ከኋላችን ያሉት ሴትዮ ግን ነገሩን በሁለተኛው ትርጉም ነው የያዙት። እሳቸው የአባቴ ማኅበርተኛ ናቸው። ማኅበሩ በየወሩ በሃያ አንድ በእመቤታችን ስም የሚጠጣ ሲሆን፣ አባቴ ከደጋ ወደ ቆላ ከወረደ ጊዜ ጀምሮ አባል ነው። ዘመድ በሌለበት አገር ዘመዶቹ እነሱ ነበሩ፤ ሲያገባ ሽማግሌ የሆኑት፣ እኔ ስወለድ ገንፎ የበሉት እነሱ ናቸው። የመጀመሪያው ልምምድ ደግሞ፣ ደህናው እጅ የታመመውን ይዞ ሁለቱንም ከራስ በላይ ማንሳት ነበር። ሴትዮዋ ይህን በአጥሩ ቀዳዳ አዩት። እናቴን በማግስቱ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ አገኟት።

«እታለም፣ ባልሽ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ አየሁት።»

«ልምምድ ነው እትዬ።»

«ሁለቱንም እጁን።»

«አንዱ ብቻውን አይነሳለትም።»

«ዓይኑንም ጨፍኖ።»

«ስለሚያመው ነው።»

«እንደሱ ነው የሚጀምራቸው» አሉና ጀሪካናቸውን አንሥተው ሄዱ።

እናቴ ከዚያ በኋላ ልምምዱ ቤት ውስጥ እንዲሆን አደረገች። የእኛ ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ዝናብ ያልዘነበ ቀን ከቀትር በኋላ ውስጡ ሰው ሊቀመጥበት ይቅርና ሊነሣ የተቀመጠ ሊጥም እንዳይበስል ያሰጋል። አባቴ እዚያ ውስጥ ላቡ እየፈሰሰ እጁን ያነሳል፤ ሴቲቱም ከስልኩ ውስጥ «በጣም ጥሩ! አሁን ትንሽ እንረፍ» ትላለች። እሷ ያለችበት ክፍል ቀዝቃዛ መሆኑ ከድምፅዋ ያስታውቅ ነበር።

ነሐሴ አሥራ ስድስት ቀን፣ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ አባቴ ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ሰው እያየው፣ የአጥሩ በር ላይ ቆሞ፣ ምርኩዙን ለእኔ ሰጥቶ በግራ እጁ አማተበ። ሌላ እጅ አልነበረውም። ይህን የማያውቅ ሰው እዚያ የነበረ አይመስለኝም። ሆኖም በግራ እጅ ሲያማትብ አንዴ ከታየ በኋላ ስልኩም፣ ወደ ላይ የተዘረጉት እጆችም፣ የተጨፈኑት ዓይኖችም አንድ ላይ ተደምረው ትርጉም አገኙ። ሊጠይቁን የሚመጡ ሰዎች እየቀነሱ ሄዱ። የቀሩትም ቆመው ይጠይቁና ይሄዳሉ።

በመስከረም መጨረሻ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ ሰው ላከብን። ሙሴው ሰሊጥ የሚነግድ ትሑት ሰው ነው፤ ክፉ ቃል አይወጣውም። መልእክቱም ትሑት ነበር፦ በኅዳር ሃያ አንድ ጽዋውን ተረክቦ ቤቱ የሚያስገባው አባቴ እንደሆነ ይታወቃል፤ ነገር ግን ታሟልና ለጊዜው ተራው ይለፈው። እናቴ መልእክቱን አመስግና ተቀበለች። መልእክተኛው ከወጣ በኋላ ግን «ታሟል?» አለች። «አራስ ሁኜ የኔ ተራ አልፎ ያውቃል? ያቺ ከኋላችን ያለችው ወባ ይዟት እየተንቀጠቀጠች አልደገሰችም?» ከዚያ ወደ አባቴ ዞራ፣ «ይኼን ስልክ ተው» አለችው። «እጅ እንደሁ ግራው አለህ። ሰው ከሌለህ ምን ልትይዝበት ነው?»

አባቴ ብዙ ጊዜ ወስዶ መለሰ። ቃላቱ ቀስ ብለው ስለሚወጡ እንጂ ሐሳቡ ረጅም ሆኖ አይደለም። ጽዋውን እንደሚፈልግ፣ ጽዋ ደግሞ በግራ እጅ እንደማይቀበሉ፣ ቀኝ እጁን ሊያስነሳለት የሚችለው ስልኩ ብቻ መሆኑን ተናገረ። «ስለዚህ ስልኩን ካልተውኩ ጽዋውን አይሰጡኝም፤ ከተውኩት ደግሞ ቢሰጡኝም አልይዘውም።» ነገሩን እንዲህ ካስቀመጠው በኋላ ምርኩዙን ይዞ ጓሮ ሄደ።

ባለሙያዋን በሚቀጥለው ማክሰኞ ጠየቅናት። ልምምዱን ለጥቂት ወር ማቆም ይቻላል ወይ አልናት። አይቻልም አለች። እጅ አሁን ካልተንቀሳቀሰ መገጣጠሚያው ይደርቃል፤ በኋላ ማንም አይከፍተውም። አባቴ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም። «ክረምቱን ሙሉ ሳይነዳ እንደቆመ ትራክተር» አለኝ ቀስ ብሎ። ከእርሻው አቅጣጫ በዚያ ሰሞን የእሱ ትራክተር ድምፅ ይመጣ ነበር፤ ሌላ ሹፌር ተቀጥሮበታል። አባቴ ድምፁን ያዳምጥና «ይኼ ልጅ ፍሪሲዮን ያቃጥላል» ይላል።

የማክሰኞውን ስብሰባ አባቴ ይወደው ነበር። ከታማሚዎቹ አንዱ የቋራ ሰው ናቸው፤ ገለጉ አጠገብ ያርሳሉ። ኔትወርክ ለማግኘት ኮረብታ ላይ ስለሚወጡና ስልኩን ዝቅ አድርገው ስለሚይዙት፣ ከእሳቸው የሚታየን አገጫቸውና ሰማዩ ብቻ ነው። እንደ አባቴ ግማሽ ጎናቸውን የመታቸው ናቸው፤ አፋቸው ግን አልተነካም።

«አንተ ሹፌር!» ይላሉ ከሰማዩ ሥር። «እጅህ ተነሣ ወይስ አሁንም በግፊ ነው?»

«አንቱ መጀመሪያ ፊትዎን ያሳዩን።»

«ፊቴን አይተህ ልታገባኝ ነው?»

ባለሙያዋ እየሳቀች ወደ ልምምዱ ትመልሳቸዋለች። ለአባቴ በማርሽ መናገር ተምራ ነበር። «አባባ፣ ዛሬ በአንደኛ ነው የምንሄደው» ትለዋለች። እሱም ዶክተር ይላታል። ዶክተር አይደለሁም፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ ብትለውም፣ ያን ቃል በታመመ ምላስ ከመጥራት ማዕረግ መስጠት ይቀለው ነበር።

ጥቅምት ሲገባ የንስሐ አባታችን መጡ። እሳቸው የማኅበሩም ቄስ ናቸው። የመጡት ማክሰኞ ነው፤ ሳያስቡት ይሁን አስበውበት አላውቅም። ገብተው፣ መስቀል አሳልመውን፣ መደብ ላይ ሲቀመጡ ለማክሰኞው ስብሰባ የከፈትኩት ስልክ ጮኸ፦

«እንኳን ወደ ተሃድሶ ቤተሰብ በደህና መጡ! ዛሬም አብረን እንታደሳለን!»

እናቴ ወደ መሬት አየች።

«ይኸ ነው?» አሉ አባ።

«አባ፣ ቃሉ ነው እንጂ ነገሩ ሌላ ነው» አለች እናቴ።

«ቃሉንማ ሰማሁት ልጄ። ከቃሉ ጀርባ ያለውን ሰውዬ ነው የማናግረው።»

«ሰውዬው ሴት ናት አባ» አልኩ።

«አምጪው።»

ስልኩን ሰጠኋቸው። እንደ ጥሪ ጆሮአቸው ላይ ለጠፉት። ከወዲያ ማዶ የሚታየው ጆሮና የጥምጣም ጫፍ ብቻ መሆን አለበት። «አባቴ፣ ፊት ለፊትዎ ያድርጉት» አለች ባለሙያዋ። አባ አወረዱትና አዩ። እኛ የምናውቀውን ነገር ያኔ አዩት፦ ነጭ ጋወን የለበሰች፣ ሂጃቧን አሳምራ የጠመጠመች ወጣት ሴት። እናቴ ይህን እስከዚያ ቀን ለማንም አልተናገረችም፤ ነገሩን ያባብሰዋል ብላ ደብቃው ነበር።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉ አባ።

የአባቷን ስም ነገረቻቸው። የአያቷን ጠየቁ። ነገረቻቸው። ቅድመ አያቷንም ጠየቁ።

«ሃይማኖትሽ?»

«ሙስሊም ነኝ አባቴ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተወለድኩ።»

«እናትሽም?»

«እናቴም።»

አባ በረጅሙ ተነፈሱ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ።

እናቴ ቀና አለች። አባ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ወደ አባቴ ዞሩ። «ተሃድሶ የሚባለው እኮ እኛን መስሎ ነው የሚገባ። የኛን ለብሶ፣ የኛን ዘምሮ። ይች ማንንም አልመሰለች። ራሷን ነው የመሰለች።»

«አባቴ፣ እኔ የማድሰው እጃቸውን ብቻ ነው» አለች ከስልኩ ውስጥ።

«አድሺ ልጄ፣ አድሺ።»

ከዚያ በኋላ አባ ወደ ፍሬ ነገሩ ገቡ። እሳቸው አምነዋል፤ ማኅበሩ ግን በዓይኑ ያየውን ነው የሚያምነው፤ ያየውም ግራ እጅ ነው። ልብ ካለ ግራም ይበቃል ብለው ሊያስታርቁ ይችላሉ፤ ነገር ግን የታረቀና የታመነ አንድ አይደለም። ስለዚህ ባለሙያዋን አንድ ነገር ጠየቋት፦ ይህ ሰው እስከ ኅዳር ጽዮን በቀኝ እጁ ያማትባል ወይስ አያማትብም?

ባለሙያዋ ወረቀትና እስክሪብቶ ሳበች። «እንዴት ነው የሚደረገው? ቀስ ብለው ያሳዩኝ» አለች።

አባ ስልኩን ለእኔ መልሰው፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው አማተቡ። ግንባር፣ ደረት፣ ግራ ትከሻ፣ ቀኝ ትከሻ። እሷ ወረቀት ላይ እየጻፈች ተከተለች።

«ግራው ነው የሚቀድመው?»

«ግራው። ከሰማይ ወደ ምድር ወረደ፤ ከሲኦል ወደ ገነት አሻገረን ማለት ነው። ከግራ ወደ ቀኝ።»

«ለእጁም ይሄ ተራ ጥሩ ነው» አለች። «ከባዱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ከግራ ወደ ቀኝ መሻገሩ ነው የሚያስቸግራቸው።»

«ለሁላችንም ነው» አሉ አባ።

ቃል አልገባችም። እንሞክራለን ብቻ አለች። በማግስቱ ድረ ገጹን ስከፍተው አዲስ ልምምድ ገብቶ ነበር፤ ርዕሱ «ግንባር፣ ደረት፣ ትከሻ፣ ትከሻ» ይላል። ለአባቴ ብቻ መላኳን እንጃ፤ በሚቀጥለው ማክሰኞ የገለጉው ሰውዬም ከሰማያቸው ሥር ሲሠሩት አገጫቸው ሲንቀሳቀስ አይተናል።

ልምምዱ በጠረጴዛ ላይ ፎጣ ከማንሸራተት ይጀምራል። አባቴ የታመመ እጁን ፎጣው ላይ አድርጎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋል፤ ቀጥሎ ክርኑን በግራ እጁ ደግፎ ወደ ደረቱ ያመጣል። ደረቱ ቶሎ ተገኘ። ግንባሩ አስቸገረ። አንድ ቀን እጁ ግንባሩን ሲነካ ቀርጬ ላክሁና ሁላችንም ተደሰትን። ባለሙያዋ ቪዲዮውን አይታ፣

«አባባ፣ እዚህ ላይ ግንባርዎ ነው ወደ እጅዎ የመጣው» አለችው።

«መሐል መንገድ ላይ ይገናኙ ብዬ ነው።»

«ግንባርዎ ባለበት ይቁም። እንግዳው እጅዎ ነው።»

በጥቅምት አጋማሽ የእኛ ኔትወርክ ጠፋ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የመተማ ሰው የሱዳን ሲም፣ ሸሪሃ የምንለውን፣ ያስገባል፤ እሱም የሚሠራው ወደ ድንበሩ ጠጋ ሲሉ ነው። ስለዚህ አባቴና እኔ ማታ ማታ ከቤት ወጥተን፣ የሰሊጥ መኪኖች ተራ ከሚጠብቁበት መንገድ ዳር፣ ኒም ዛፍ ሥር እንቀመጥ ነበር። በሱዳን መስመር ሲከፈት ከልምምዱ በፊት በአረብኛ ማስታወቂያ ይመጣል። ከዚያ ያቺ ሴት ሰላምታዋን ታሰማለች፤ መኪና ላይ የተኙ ሹፌሮች ቀና ብለው ያያሉ። አንድ ሱዳናዊ ሹፌር አባቴ እጁን ከደረቱ ወደ ግንባሩ እየጎተተ ሲታገል ለረጅም ጊዜ አይቶ፣ መጥቶ ምን እንደሚሠራ በአረብኛ ጠየቀው። አባቴ መለሰለት። ሰውዬው ራሱን ነቅንቆ ወደ መኪናው ተመለሰና ሻይ ይዞ መጣ። ምን ብሎ እንደመለሰለት አባቴን ስጠይቀው «ሞተሩ ደህና ነው፤ መሪው ነው የታሰረው አልሁት» አለኝ።

ቀኝ ትከሻው ኅዳር አሥራ ስምንት ደርሶም ገና አልተገኘም ነበር። እጁ ግራ ትከሻው ላይ ይደርስና እዚያው ይቀመጣል፤ ሊሻገር ሲነሣ ይንቀጠቀጥና ይወድቃል። ባለሙያዋ በመጨረሻው ማክሰኞ እውነቱን ነገረችን፤ ሊሳካ ይችላል፣ ላይሳካም ይችላል፤ ካልተሳካ በጥር ይሳካል። አባቴ አመሰገናት። ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ «በጥር ጽዋው የሌላ ሰው ቤት ነው» አለ።

ኅዳር ጽዮን ዕለት ደጋሹ ሙሴው ራሱ ነበር። ግቢው ውስጥ ዳስ ተጥሏል፤ ማኅበርተኛው ሁሉ ተቀምጧል። እኔና እናቴ አባቴን አጅበን ገባን። ቦታ ለቀቁልን፤ ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም፤ ሰው ሁሉ ግን አባቴን ሳይሆን እጁን ያይ ነበር። አባ ጸሎት አድርሰው ዳቦው ተባረከ። ጽዋው በተሸፈነበት ጨርቅ ሥር ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ሙሴው ጉሮሮውን ጠረገና፣ በተረካቢው ሕመም ምክንያት ተራው ለሚቀጥለው ሰው እንደሚያልፍ መናገር ጀመረ።

አባቴ ተነሣ። ምርኩዙን ለእናቴ ሰጣት።

«ተቀመጥ የኔ ወንድም፣ እንዳትደክም» አለው ሙሴው።

አባቴ ግንባሩን ቀጥ አድርጎ ቆመ። እጁ ከጎኑ ተነሣ። ሲነሣ ለማየት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ያልለመደ ሰው የተነሣ አይመስለውም። ግንባሩ ጋ ደረሰ። ወደ ደረቱ ወረደ። ወደ ግራ ትከሻው ሄዶ ቆመ።

«ይበቃል፣ አየነው» አለ ሙሴው በለሆሳስ።

አባቴ በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያን ጊዜ የግራ ጎረቤታችን፣ ያ ተሃድሶ ገብቶ የወጣው፣ ከኋላ ሆኖ «ኧረ ተዉት፣ ማርሽ እየለወጠ ነው!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ችግሩ አባቴም ሳቀ፤ ሲስቅ እጁ ወደቀ።

ከግራ ትከሻ መቀጠል አይቻልም፤ ማማተብ ከመሐል አይጀመርም። አባቴ ትንሽ ተነፈሰና እንደገና ከግንባሩ ጀመረ። በዚህ ጊዜ ማንም አልሳቀም። የተቀዳው ጠላ አረፋው ወረደ። አንድ ሕፃን ዳቦ ጠየቀና ዝም በል ተባለ። ግንባር። ደረት። ግራ ትከሻ። እጁ ከግራ ትከሻው ተነሥቶ፣ በአንገቱ ሥር እየተጎተተ፣ ሁለት ጊዜ ቆሞ፣ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ፣ ቀኙ ላይ አረፈ።

ከኋላችን ያሉት ሴትዮ አንገታቸውን አስግገው አዩ። «ክንዱ ላይ ነው ያረፈው» አሉ።

አባ ቀርበው ጎንበስ ብለው መረመሩ። በእውነቱ ከትከሻው ትንሽ ዝቅ ያለ ነበር።

«ትከሻ ነው» አሉ።

«አባ፣ ወረድ ብሏል እኮ።»

«ትከሻ ነው አልሁ።»

ሙሴው ጽዋውን አነሣ። ተራው ያልፋል ማለቱን አላነሣም፤ ጨርቁን አስተካክሎ አባቴ ፊት ቆመ። አባቴ ቀኝ እጁን ዘረጋ፤ ጣቶቹ ገና አልተከፈቱም ነበርና እናቴ አንድ በአንድ ከፈተችለት። ከቀኙ ሥር ግራውን አደረገ፤ ከግራው ሥር እኔ እጄን አደረግሁ፤ እንደዚያ ሆነን ተቀበልን። እልልታ ቀለጠ። ወደ ቤት ስንሄድ ማኅበርተኛው ሁሉ እየዘመረ ሸኘን፤ መንገዱ አጭር ቢሆንም አባቴ ስለሚዘገይ መዝሙሩ አልቆ እንደገና ተጀመረ።

ሁሉም ነገር ተስተካክሏል ማለቴ አይደለም። አባቴ ትራክተር ዳግመኛ አልነዳም፤ መድኃኒቱን አሁንም ይወስዳል፤ ማክሰኞ ማክሰኞም ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ቀጥሏል። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ ድረስ ክንድ ነው ይላሉ። በእኛና በማኅበሩ መካከል የነበረው ጉዳይ ግን ያለቀው ጽዋው ቤታችን በገባበት ዕለት፣ ኅዳር 21 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው።